ባት አንዴ ከያዘ ለምን ይመላለሳል?

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2020 የሩጫ ወዳጅ ሁሉ ዓይኑን ለንደን ማራቶን ላይ ጥሎ ነበር። ቀነኒሳ በቀለና ኤሊዩድ ኪፕቾጌ ሊገናኙ ነው። ቀነኒሳ ከአንድ ዓመት በፊት በርሊን ላይ 2:01:41 ገብቶ፣ የኪፕቾጌን የዓለም ክብረ ወሰን ያጣው በ2 ሰከንድ ብቻ ነው። ኮቪድ ውድድሩን ከኤፕሪል ወደ ኦክቶበር ቢገፋውም ጉጉቱ አልበረደም። ውድድሩ 2 ቀን ሲቀረው ግን ቀነኒሳ እንደማይሮጥ ተነገረ። የግራ ባቱ አስቸግሮታል። በቀጣዩ እሁድ ሹራ ቂጣታ አሸንፎ አስደሰተን፣ ኪፕቾጌም 8ኛ ወጣ። የሁለቱ ፍልሚያ ግን ሳይታይ ቀረ።

ከጉዳቱ ይልቅ ትኩረቴን የሳበው ቀነኒሳ የሰጠው ምክንያት ነው። በዝግጅቱ የመጨረሻ ሳምንታት ሁለት ፈጣን ልምምዶችን በጣም አቀራርቦ ሠርቷል። ወድቆ ወይም ተጋጭቶ አይደለም። በሁለት ከባድ ቀናት መካከል በቂ ክፍተት ስላልነበረ ነው።

ባት ቀነኒሳን ሲያስቸግረው ያ የመጀመሪያው አልነበረም። የ2010ን የውድድር ዓመት የበላበት የባት ጉዳት ነው። ወደ ትልቅ መድረክ የተመለሰው በ2011 በዴጉ የዓለም ሻምፒዮና ሲሆን፣ እዚያም 10,000 ሜትሩን ሳይጨርስ ወጣ። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ብራሰልስ ላይ 26:43.16 ሮጦ የዓመቱን ፈጣን ሰዓት ማስመዝገቡ ቀነኒሳ መሆኑን ያሳያል። ሌላ ሯጭ ቢሆን ታሪኩ ዴጉ ላይ ሊያበቃ ይችል ነበር።

ኃይሌ ገብረሥላሴም የራሱ የባት ታሪክ አለው። በ2008 የበርሊን ማራቶን ሁለት ሳምንት ሲቀረው ባቱን ቁርጠት ያዘው። ለአንድ ሳምንት ልምምድ አቆመ። የቀረውን ሳምንት ተለማምዶ ገባና 2:03:59 ሮጠ። በዚያም ከ2:04 በታች የገባ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ቁርጠትና የጡንቻ መበጠስ አንድ አይደሉምና ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን አስቀምጦ አንዱን ማመስገን፣ ሌላውን መውቀስ ተገቢ አይመስለኝም። ሆኖም ማራቶን 14 ቀን ሲቀረው ሙሉ ሳምንት ማረፍ ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ ሯጮች ያውቁታል።

ለመሆኑ ባት አንዴ ከተጎዳ በኋላ ለምን ይመላለሳል? ሰንዳፋም ሆነ ሱሉልታ የሚለማመድ ሯጭ ብትጠይቁ "ዳነልኝ ስል መልሶ ያዘኝ" የሚል አታጡም። ነገሩ የዕድል ጉዳይ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያት አለው፤ ምክንያቱም የሚጀምረው ከጡንቻው አሠራር ነው።

ባት ሲባል አንድ ጡንቻ ይመስላል። ዋናዎቹ ግን ሁለት ናቸው። ከላይ ጎልቶ የሚታየው፣ ቁምጣ ሲለበስ የሚያምረው፣ ሐኪሞች ጋስትሮክኔሚየስ የሚሉት ነው። ከጉልበት በላይ ይጀምራል። ከእሱ ሥር ተኝቶ የማይታየው ሰፊና ጠፍጣፋ ጡንቻ ደግሞ ሶሊየስ ይባላል። ይሄኛው የሚጀምረው ከጉልበት በታች ነው። ሁለቱም ወደታች ወርደው በአኪለስ ጅማት በኩል ተረከዝ ላይ ይያያዛሉ። እዚህች ጋ ልብ በሉ፦ ጉልበት ሲዘረጋ ላይኛው በደንብ ይሠራል። ጉልበት ሲታጠፍ ላይኛው ስለሚላላ ሸክሙ በአብዛኛው ወደ ታችኛው ይዞራል።

ሯጭ እግሩ መሬት ሲነካ ጉልበቱ ሁልጊዜ ትንሽ እጥፍ ያለ ነው። ስለዚህ የሩጫ ዋናው ሠራተኛ ያ የማይታየው ሶሊየስ ነው። በሩጫ ጊዜ የሚያመነጨው ኃይል ከሯጩ ክብደት 6 እስከ 8 እጥፍ እንደሚደርስ ጥናቶች ያሳያሉ። ይህንን 60 ኪሎ በሚመዝን ሯጭ አስቡት። በእያንዳንዱ እርምጃ አንድ ጡንቻ ብቻውን ከ3 ኩንታል በላይ ይሸከማል ማለት ነው። በ2 ሰዓት ማራቶን ደግሞ አንዱ እግር ከ10,000 ጊዜ በላይ መሬት ይረግጣል።

የሁለቱ አጎዳድም ለየቅል ነው። ላይኛው ሲበጠስ ድንገተኛ ነው። ኳስ ተጫዋቹ ፈጥኖ ሊነሳ ሲል፣ ከኋላ ሰው በእርግጫ የመታው ይመስለዋል። ዞር ብሎ ያያል፤ ማንም የለም። ታችኛው ግን ቀስ በቀስ ነው የሚመጣው። መጀመሪያ 15ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ጠበቅ ይላል። ሲያርፉ ይለቃል። በሳምንቱ 10ኛው ላይ ይመጣል። ከዚያ ማሟሟቂያ ላይ። ሯጩ ይህን ሁሉ ጊዜ "ድካም ነው" ሲል ቆይቶ አንድ ቀን መርገጥ ያቅተዋል። የረጅም ርቀት ሯጮቻችን በብዛት የሚያማርሩት ይህንን ሁለተኛውን ዓይነት ነው። ለራሱ የተለየ ማጠናከሪያ የማይሠራለትም እሱ ነው።

አሁን ወደ መመላለሱ እንምጣ። የተጎዳ ባት ላይ ህመም ቀድሞ ይሄዳል፣ የጡንቻው ጉልበት ዘግይቶ ይመጣል። ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። ቀለል ያለ ጉዳት በሳምንት፣ በ10 ቀን ህመሙ ይጠፋል። ሰው ይራመዳል፣ ደረጃ ይወጣል፣ ሶምሶማም ይሮጣል። ውስጥ ግን የተበጠሰው ክር ገና በጠባሳ እየተያያዘ ነው። ያ ጠባሳ እንደ ጤናማ ጡንቻ አይለጠጥምና ከጎኑ ያለው ሥጋ ከድርሻው በላይ ይሳባል። በዚያ ላይ ሯጩ አርፎ ስለከረመ ጤነኛው የጡንቻ ክፍልም ደክሟል። ከጉዳቱ በፊት የነበረውን ሸክም ያልቻለ ባት፣ ደክሞ ተመልሶ ያንኑ ሸክም ይጠየቃል። መልሱ ይታወቃል።

በአውሮፓ ክለቦች ላይ የተሠራው ትልቁ ጥናት ይህንን በቁጥር ያሳያል። ከ2001 እስከ 2009 ድረስ 51 የእግር ኳስ ቡድኖችን ተከታትሎ በ2011 የወጣው ነው። ከጡንቻ ጉዳቶች ውስጥ 13 በመቶው የባት ነበር። ከሁሉም የጡንቻ ጉዳቶች 16 በመቶው ቀድሞ የነበረ ጉዳት ዳግም ሲመጣ ነው። ዳግም የመጣው ከመጀመሪያው ይልቅ ተጫዋቹን ረዘም ላለ ጊዜ ከሜዳ አርቆታል። የባት ጉዳት ዕድሜ ሲገፋ እንደሚበዛም እዚያው ታይቷል። እነዚህ እንግዲህ ሐኪም፣ ፊዚዮቴራፒስትና ኤምአርአይ ከደጃቸው የማይጠፋ ክለቦች ናቸው።

እኛ ጋ የመጀመሪያዎቹ ቀናት እንዴት ያልፋሉ? ብዙ ጊዜ ወጌሻ ቤት። ወጌሻን ማጣጣሌ አይደለም። ውልቃትን በማከም የተካኑ፣ ለትውልድ ያገለገሉ አሉ። የኳስ ቡድኖቻችንም የሕክምና ሰዋቸውን እስከ ዛሬ ወጌሻ ነው የሚሉት። ችግሩ የተበጠሰ ጡንቻ ላይ ነው። አዲስ የተበጠሰ ባት ውስጡ ይደማል። በመጀመሪያዎቹ 2 እና 3 ቀናት በቅባት አጥብቆ ማሸት፣ በሙቅ ውኃ መዘፍዘፍ፣ "ይፍታታ" ብሎ በኃይል መሳብ ደሙን ያበዛዋል እንጂ አይጠቅምም። በእነዚያ ቀናት የሚፈለገው ቀላል ነገር ነው። ባቱን በፋሻ ጠቅለል ማድረግ፣ ሲቀመጡ እግርን ከፍ ማድረግ፣ ጫማ ውስጥ ተረከዝ ሥር ስስ ነገር አጥፎ መክተት። ካነከሰ በክራንች መሄድ ነውር አይደለም። በረዶ ህመም ያስታግሳል፤ ከዚያ ያለፈ ተአምር አትጠብቁበት።

መርፌም አለ። ዲክሎፌናክ የሚባለውን የህመም ማስታገሻ ተወግቶ በማግስቱ ልምምድ የሚወጣ ሯጭ ጥቂት አይደለም። መርፌው ህመሙን ይደብቃል፤ ክሩን አይሰፋም። የስቴሮይድ መርፌ ደግሞ ከዚህም የባሰ መዘዝ አለው። ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ የዓለም ፀረ አበረታች ቅመሞች ኤጀንሲ ማንኛውንም በመርፌ የሚሰጥ ግሉኮኮርቲኮይድ፣ ማለትም ይህንኑ የስቴሮይድ ዓይነት፣ በውድድር ወቅት ከልክሏል። ከፋርማሲ ገዝቶ ሰፈር ክሊኒክ የተወጋ ሯጭ ውድድር ላይ ሲመረመር ሊገኝበት ይችላል። በራስ ደም የሚሠራው የፕላዝማ መርፌም ብዙ ተወርቶለት ነበር። በ2014 ኔዘርላንድስ ውስጥ የኋላ ታፋ ጡንቻ በተጎዱ 80 ስፖርተኞች ላይ በወጉ ሲፈተሽ ግን ከጨው ውኃ መርፌ አልተሻለም።

እረፍትስ? እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚገረመው። በ2017 ዴንማርክ ውስጥ ታፋ ወይም ባታቸው የተጎዳ 50 አማተር ስፖርተኞች በሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ ከተጎዱ በ2ኛው ቀን፣ ግማሾቹ በ9ኛው ቀን ማገገሚያ እንቅስቃሴ ጀመሩ። እንቅስቃሴው አንድ ዓይነት ነው። የተለየው የመጀመሪያው ሳምንት ብቻ ነው። ቀድመው የጀመሩት በመካከለኛ ስሌት በ62.5 ቀን ያለ ህመም ወደ ስፖርታቸው ተመለሱ። ሌሎቹ 83 ቀን ፈጀባቸው። አንድ ሳምንት ማረፍ 3 ሳምንት አስከፈለ።

ከዚህ ጥናት ሁለት ነገር ይወጣል፤ ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ይረሳል። አንደኛ፣ ተኝቶ መጠበቅ ሕክምና አይደለም። ሁለተኛ፣ ነገሩ በጥሩ ሁኔታ ሄዶም እንኳ 2 ወር ፈጅቷል። እኛ ጋ "ሁለት ሳምንት አርፌያለሁ፣ በቃኝ" የሚለውን ሯጭ በዚህ መዝኑት።

ምርመራ ማድረግ ለሚችል አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። አልትራሳውንድ የላይኛውን ጡንቻ ጉዳት በደንብ ያሳያል። የሶሊየስን ግን ብዙ ጊዜ ያልፈዋል። "ምንም የለም ተብያለሁ" ብሎ ወደ ልምምድ የተመለሰና ያገረሸበት ሰው ካለ፣ ምናልባት ምንም ሳይኖር ቀርቶ ሳይሆን ስላልታየ ነው። ኤምአርአይ ይሻላል፤ ዋጋው ግን ለሁሉም አይደለም። ጉዳቱ ጡንቻው ውስጥ ያለውን ጅማት ከነካ ማገገሙ ይረዝማል፤ ያንንም በደንብ የሚያሳየው እሱ ነው።

ደግነቱ ዋናው መለኪያ ማሽን አይፈልግም። ግድግዳ ይበቃል። በባዶ እግር ግድግዳ አጠገብ ቁሙ። ለሚዛን ያህል ሁለት ጣት ብቻ ግድግዳው ላይ አሳርፉ። አንዱን እግር አንሱ። ጉልበታችሁን ዘርግታችሁ በቆማችሁበት እግር ጣቶች ላይ እስከ መጨረሻው ከፍ በሉ፣ ቀስ ብላችሁ ውረዱ። ስንት ጊዜ ቻላችሁ? ብዙ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች 25ን እንደ መነሻ ይይዙታል። ከሯጭ ደግሞ ከዚያ በላይ ይጠበቃል። ቁጥሩ ብቻ አይደለም፤ ከፍታውንም ተመልከቱ። የተጎዳው እግር 25 ጊዜ ወጥቶ፣ ግን የመጨረሻዎቹን 10 ግማሽ መንገድ ብቻ ከሆነ የወጣው፣ 15 ነው ብላችሁ ቁጠሩ።

ማጭበርበሪያዎቹም ይታወቃሉ። ሰው ሲደክመው ወደ ግድግዳው ይጋደማል። ወይም ጉልበቱን ሰበር እያደረገ በታፋው ይገፋል። ወይም ክብደቱን ወደ ትንሿ ጣት ያዞራል። ጓደኛ በስልክ ከኋላ ቢቀርጽ ሁሉም ይታያል። ሁለቱን እግሮች ስትመዝኑ የሚመጣው ልዩነት ነው እውነተኛው ዜና። ቀኙ 32፣ ግራው 19 ከሆነ፣ ግራው "አያመኝም" ቢልም ገና አልተመለሰም።

ይህ የላይኛው ጡንቻ ፈተና ነው። ለታችኛው ጉልበት መታጠፍ አለበት። እዚህ ጋ ቢጫዋ ጀሪካን ትመጣለች። ወንበር ላይ ተቀመጡ። የእግራችሁ የፊት ክፍል ጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም ጣውላ ላይ ይረፍ፤ ተረከዙ ወደታች ይንጠልጠል። ውኃ የሞላ 20 ሊትር ጀሪካን ጉልበታችሁ ላይ፣ ፎጣ አጥፋችሁ፣ አስቀምጡ። ያ 20 ኪሎ ነው። ተረከዙን በ3 ሰከንድ ወደ ላይ፣ በ3 ሰከንድ ወደ ታች። መጀመሪያ በሁለት እግር፣ ቀጥሎ በአንድ።

20 ኪሎ በቅርቡ እንደሚቀልላችሁ እርግጠኛ ነኝ። ሶሊየስ ስንት እንደሚሸከም ቅድም አይተናልና ማቆሚያው እዚያ አይደለም። ብዙ ባለሙያዎች በመጨረሻ በአንድ እግር የራስን ክብደት የሚያህል ወይም የሚበልጥ ጭነት 6 ጊዜ ማንሳት እንዲቻል ይፈልጋሉ። ጂም ያለው በማሽን ይሠራዋል። የሌለው ባልንጀራውን ጉልበቱ ላይ ያስቀምጣል። እየሳቃችሁ ከሆነ ትክክል ናችሁ፣ ያስቃል። ግን ይሠራል። በሳምንት 3 ቀን፣ በየቀኑ ከ3 እስከ 4 ዙር፣ በየዙሩ ከ6 እስከ 8 ጊዜ፤ በከባድ ሸክም፣ በዝግታ።

ሲሠሩ ትንሽ ማመሙ አያስፈራም። ከ10 ለህመሙ 2 ወይም 3 የምትሰጡት ከሆነና በማግስቱ ጠዋት ካልባሰ ቀጥሉ። ከአልጋ ስትወርዱ ባታችሁ ከትናንቱ ይበልጥ ከጠበቀ ሸክሙ በዝቷል፤ ቀንሱ።

ስለ መሳሳብ ሁሌም ጥያቄ አለ። ከልምምድ በኋላ ለስለስ ያለ መሳሳብ የሚወድ ይሳብ። ብቻውን ግን ጉዳት ይከላከላል ብላችሁ አትደገፉበት፤ በመጀመሪያው ሳምንት ደግሞ የተበጠሰውን ጡንቻ አጥብቆ መሳብ ቁስልን መልሶ መክፈት ነው። ለቁርጠት ይበጃሉ የሚባሉትን ሙዝና ጨውንም በተመለከተ፣ የተበጠሰ ባት በሙዝ አይያያዝም።

ጉልበት ከመጣ በኋላ ዝላይ ይከተላል። ሩጫ ራሱ ተከታታይ ዝላይ ነውና። የልጆች ገመድ በቂ ነው። በሁለት እግር፣ ከዚያ እያፈራረቁ፣ ከዚያ በአንድ እግር። በተጎዳው እግር ብቻ 20 ጊዜ ያህል ያለ ህመምና ያለ ፍርሃት መዝለል ያልቻለ ሰው ሊሮጥ አይገባም። ፍርሃቱንም አትናቁት፤ ባት ላይ ያልተመለሰ ጉልበት ብዙ ጊዜ ራሱን በፍርሃት ነው የሚገልጸው።

ሩጫው ሲጀመር አንድ ደቂቃ ሶምሶማ፣ አንድ ደቂቃ እርምጃ፤ አንድ ቀን እየዘለሉ፤ ሜዳ ላይ። ቅደም ተከተሉ ላይ ግን ግትር ነኝ። መጀመሪያ የሚጨምረው የቆይታ ጊዜ ነው። ቀጥሎ ፍጥነት። ዳገትና የትራክ ሹል ጫማ መጨረሻ። ዳገት ሲወጡ ተረከዝ ወደ ታች ይወርዳል፣ ባት በተለጠጠበት ይገፋል። ስለዚህ "ቀስ ብዬ ነው የሮጥኩት" ብሎ በመጀመሪያው ሳምንት እንጦጦ መውጣት ለባት ቀስ ማለት አይደለም። ሹል ጫማና ተረከዙ ዝቅ ያለ ጫማም እንዲሁ ባት ላይ ይጨምራሉ። አዲስ ዓይነት ጫማ፣ ካርቦን ያለውም ቢሆን፣ በአንድ ቀን ለሁሉም ልምምድ አይቀየርም።

እዚህ ጋ የእኛ ባህል ራሱ ያስቸግራል። የእኛ ሯጭ በቡድን ነው የሚሮጠው። ተከታትሎ፣ የፊተኛውን እግር እያየ። ጥንካሬያችንም ከዚያ ይመጣል። ከጉዳት የተመለሰ ሯጭ ግን ለ3 እና ለ4 ሳምንት የራሱን ልምምድ ለብቻው መሥራት አለበት፤ ለብቻ መሮጥ ደግሞ አይወደድም። ስለዚህ "ከኋላ ሆኜ እከተላለሁ" ብሎ ይገባል። 20 ደቂቃ ሳይሞላ የቡድኑ ፍጥነት ውስጥ ነው። አሠልጣኙም መቶ ሰው ይዞ የአንዱን ባት ሊጠብቅ አይችልም።

ከባህሉ በላይ ደግሞ ገንዘቡ አለ። ማራቶን ሯጭ በዓመት የሚሮጠው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ውድድር ነው። አንዱ ከቀረ የዓመቱ ገቢ ግማሽ ቀረ ማለት ነው። የሚሳተፍበት ክፍያ የሚሰጠው መነሻው ላይ ለቆመ ነው። ቤት የጀመረ አለ፣ ወንድም የሚያስተምር አለ፣ ከገጠር የሚጠብቅ ቤተሰብ አለ። ማኔጀሩ ሲደውል "እንዴት ነህ?" ይላል። መልሱ "ደህና ነኝ፣ እየተሻለኝ ነው" ነው። እሱ ቦታ ብሆን እኔም ያንኑ የምለው ይመስለኛል። ስለዚህ ሯጩን "ትዕግሥት የለህም" ብሎ መውቀስ ቀላል ነው፤ ፍትሐዊ ግን አይደለም።

የሚለወጠው ጥያቄው ነው። "ያምሃል?" ተብሎ የተጠየቀ ሰው ሊዋሽ ይችላል፤ አንዳንዴም ሳይዋሽ በእውነት አያመውም። "ስንት ጊዜ ወጣህ?" ሲባል ግን ግድግዳው ይመሰክራል። አንድ ክለብ የውድድር ዘመኑ ሳይጀምር የሁሉንም አትሌቶች የሁለት እግር ቁጥር ደብተር ላይ ቢይዝ፣ ጉዳት ሲመጣ ወዴት እንደሚመለሱ ያውቃል። ወጪው ደብተርና አንድ ጠዋት ነው። ይህንን ለማድረግ የውጭ ባለሙያ እስኪመጣ መጠበቅ ለእኔ አይገባኝም።

ወደ ቀነኒሳ ምክንያት ስንመለስ ደግሞ የቀኖቹ ርቀት አለ። በ2020 ቀነኒሳ 38 ዓመቱ ነበር። ዕድሜና ቀድሞ የነበረ የባት ጉዳት፣ ጥናቶች ደጋግመው የሚያገኟቸው ሁለቱ ትልልቅ የአደጋ ምልክቶች ናቸው። ሁለቱንም ማጥፋት አይቻልም። በእጅ ያለው በሁለት ፈጣን ልምምዶች መካከል ያለው ቀን ነው። ለ22 ዓመት ልጅ ማክሰኞ ትራክ፣ ሐሙስ ፍጥነት ሊያስኬድ ይችላል። ባቱ አንዴ ለተጎዳ የ35 ዓመት ሰው 3 እና 4 ቀን ማራራቅ ብልህነት ነው። የባት ማጠናከሪያውም የሚቆመው ባቱ ሲድን አይደለም። በሳምንት ሁለቴ ከፈጣን ልምምድ በኋላ ይቀጥላል። ቀጣዩ ቀን ያኔ የእረፍት ይሆናል። ብዙዎች የሚያቆሙት ልክ መሮጥ ሲጀምሩ ነው፤ የሚያገረሽባቸውም ያኔ ነው።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ሯጮች ቢሆንም፣ ባት በብዛት የሚበጠሰው አርባን የተሻገረ የእሁድ ኳስ ተጫዋች ላይ ነው። አዲስ አበባም ይሁን ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ፣ ሳምንቱን ቢሮ ወይም መኪና ውስጥ ተቀምጦ ይውላል። እሁድ ጠዋት መኪናውን አቁሞ በቀጥታ ወደ ሜዳ ይሮጣል። ለእሱ ያለኝ ምክር አጭር ነው። 10 ደቂቃ ማሟሟቅ፣ በሳምንት ሁለት ቀን የግድግዳዋን ነገር፣ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ደግሞ ግብ ጠባቂ መሆን።

የባት ህመም ሁሉ ግን የጡንቻ አይደለም። "ጧ" ብሎ ከጮኸ በኋላ በጣት መቆም ፈጽሞ ካቃተ አኪለስ ጅማት ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። በሆድ አስተኝተው ባቱን ሲጨብጡት የጤነኛ እግር ጫፍ ወደ ታች ይንቀሳቀሳል። ካልተንቀሳቀሰ የዚያኑ ቀን ሐኪም ጋ ነው። ከወገብ ተነስቶ ወደ ባት የሚወርድ፣ ከመደንዘዝ ጋር የሚመጣ ህመም ደግሞ የነርቭ ሊሆን ይችላል፤ ያንን የባት ማጠናከሪያ አያድነውም።

ከሁሉም የሚያስፈራው ደም ሥር ውስጥ ደም መርጋቱ ነው። ከአዲስ አበባ አውሮፓ ወይም አሜሪካ ለውድድር የሚሄድ አትሌት ለብዙ ሰዓታት ተቀምጦ ይበራል፤ ለሥራም ለቤተሰብም የምንመላለሰው ሁሉ እንደዚያው። ከበረራ በኋላ አንዱ ባት ብቻ ካበጠ፣ ከሞቀ፣ ከቀላና ምንም ሳይሮጡ ካመመ "ጡንቻ ይዞኝ ነው" ተብሎ አይታሸም። የረጋው ደም ተነቅሎ ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል። ትንፋሽ ማጠር ወይም የደረት ውጋት ከተጨመረ ጊዜ የለም፤ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።